የትንፋሽ ዋስ

ለዓመታት ቆሞ የኖረ ሞተር እንደገና ሲሠራ ጋራዥ ውስጥ «ተነሳ» ይባላል። ከሕመም አልጋው ለተነሳ ሰው የምንለው ያንኑ ነው፤ ደስታውም ከዚያ አያንስም። ቺንጊያው መዞር ሲጀምር፣ ጥቁሩ ጭስ እየሳሳ ሲሄድ፣ ከበው የቆሙት ሰዎች ፊታቸው ይፈካል። ለወፍጮ፣ ለውኃ ፓምፕ፣ ለጭነት መኪና ይህ ደስታ ተገቢ ነው። አንድ ማሽን ግን አለ፤ አየርን እስከ 200 ባርና ከዚያም በላይ አምቆ፣ ሰው እንዲተነፍሰው ሲሊንደር ውስጥ የሚሞላ ኮምፕሬሰር። አሮጌው ብዙውን ጊዜ ከጦር ሠራዊት ወይም ከአንድ ተቋም ተርፎ፣ በጨረታ ተሽጦ ወይም በግቢ ጥግ ዝናብ ሲመታው ኖሮ ነው ከጠጋኝ እጅ የሚገባው። ለእንዲህ ያለው ማሽን «ተነሳ» የሚለው ቃል አይበቃም፤ እንዲያውም የሚያዘናጋ ቃል ነው። ለትንፋሽ የሚሠራ ማሽን ታደሰ የሚባለው ሲነሳ ሳይሆን፣ ከእሱ ለሚወጣው አየር ዋስ ሲገኝለት ነው የሚል ክርክር አለኝ።

ነገሩን ከደቡብ ጎንደሮቹ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ምድር ሆኖ ማየት ይጠቅማል፤ እዚያ አየር እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለምና። የላይ ጋይንት ከተማ ስሟ ነፋስ መውጫ ነው፤ ከፍታዋም 3,000 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከምዕራቧ የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ቆሞ የርብንና የጉማራን ውኃ ወደ ጣና ይሰድዳል፤ በሌላ በኩል ምድሩ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ቆላ ቁልቁል ይወርዳል። ነፋስ መውጫ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የኦክስጅን ድርሻ በየትም አገር 21 በመቶ ቢሆንም፣ በአንድ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው መጠን በዚያው ልክ ያንሳል። ደገኛ ሰውነቱ ይህንን ለምዶታል፤ ማሽን ግን አይለምድም። ጅቡቲ ወደብ ላይ 200 ባር ለመድረስ አየሩን 200 ጊዜ ያህል የሚያምቅ ኮምፕሬሰር፣ ነፋስ መውጫ ላይ ለዚያው ግፊት 285 ጊዜ ያህል ማመቅ ይኖርበታል። በየደቂቃው የሚስበው አየር በሲሶ ያህል ስለሚቀንስ አንድን ሲሊንደር ለመሙላት ረዘም ያለ ጊዜ ይሠራል፣ የበለጠ ይግላል፣ የሚያበርደውም ነፋስ ራሱ ሳሳ ያለ ነው። ስለዚህ በቆላ ወይም በባሕር ጠረፍ ለሚሠራ ማሽን የተጻፈ መመሪያ እንዳለ ወደ ጉና ሥር ሊመጣ አይችልም።

አየርን ማመቅ ለዚህ አገር እንግዳ ሥራ እንዳልሆነም ማስታወስ ይገባል። ቀጥቃጩ ከፍየል ቆዳ የሰፋውን ወናፍ ከፍ ዝቅ ሲያደርግ፣ አየሩ በቱቦ ገብቶ ፍሙን ያቀላዋል፤ ማረሻውም ማጭዱም የሚወለደው ከዚያ ነው። በወናፉና በኮምፕሬሰሩ መካከል ያለው ልዩነት የግፊት ብዛት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀላሉ ባለቀ ነበር። ትልቁ ልዩነት አየሩ የሚሄድበት ቦታ ነው። ወናፉ የሚነፋው አየር ጭስ ቢቀላቀልበት፣ ቆዳው ቢሸት፣ ፍሙ ቅር አይለውም። ሳንባ ግን የተሰጠውን ሁሉ ወደ ደም ያሳልፋል።

ማሽኑን ጠጋ ብለን እንየው። አብዛኛው ሦስት ወይም አራት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ሲሊንደር የተጨበጠ እጅ የሚያህል ሰፊ ነው፤ የመጨረሻው አውራ ጣት ያህል ቀጭን። በሦስት ደረጃው ማሽን አየሩ በመጀመሪያው 5 ወይም 6 ባር፣ በሁለተኛው 40 ባር ገደማ፣ በሦስተኛው 200 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። የብስክሌት ጎማ የነፋ ልጅ ሁሉ እንደሚያውቀው የታመቀ አየር ይግላል፤ በየደረጃው መሐል የተጠመዘዙት ቧንቧዎች ያንን ሙቀት ለነፋስ ይሰጣሉ። አየሩ ሲበርድ በውስጡ የነበረው እርጥበት ጤዛ ይሆናል፣ ከፒስተኑ ፋሻ ሾልኮ ካለፈው ዘይት ጋርም ይቀላቀላል። ማፍሰሻው ሲከፈት አጓት የመሰለ ነጣ ያለ ፈሳሽ እያፏጨ ይወጣል። በየ10 ወይም 15 ደቂቃው ካልፈሰሰ ወደሚቀጥለው ደረጃ ይዘልቃል፣ ከዚያም ወደ ፍልትሮው። ቴስታታው ተፈትቶ ቫልቩ ሲወጣ ደግሞ፣ ሳንቲም በሚያህለው ስስ ብረት ላይ እንደ ምጣድ ጥላሸት የጋገረ ጥቁር ነገር ይገኛል፤ በግለት ብዛት ያረረ ዘይት ነው። ጎበዝ ጠጋኝ ይህንን ይጠርጋል፣ ብረቱን በመስታወት ላይ በዘረጋው ስስ ብርጭቆ ወረቀት አሽቶ ያስተካክላል፣ ጓርኒሲዮኑን ይቀይራል፣ ግፊት የሚለካውን ሰዓት ያስመረምራል። ይህ ሁሉ በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ ሥራ ነው። መጨረሻ ላይ ግን አየሩ ወደ ፍልትሮው ይገባል። በውስጡ የማሽላ ፍሬ የሚያካክሉ እርጥበት የሚመጥጡ እንክብሎችና ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ከሰል አሉ። እዚህ የእጅ ሙያ ድንበሩ ይደርሳል፤ ዘይትና እርጥበት ጠጥቶ የሞላ ከሰልና ትናንት የተቀየረ ከሰል በዓይን አይለዩምና።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ጭራሽ የማይታየው ነው። በተዘጋ ቤት ከሰል አንድዶ መተኛት እንደሚገድል በአገራችን የማያውቅ የለም፤ «ከሰል አፈነው» የሚባለው ሞት ምክንያቱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታ፣ ቀለምና ጣዕም የለውም። ከደም ቀይ ሕዋስ ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ፣ ጥቂቱ ብዙ ቦታ ይይዛል። ወደ ትንፋሽ ኮምፕሬሰር በሁለት በር ይገባል። አንዱ በር የአየር መሳቢያው ነው፤ ማሽኑን የሚያዞረው ሞተር በናፍታ ወይም በቤንዚን የሚሠራ ከሆነ፣ ከማርሚታው የወጣውን ጭስ ነፋስ አዙሮ ወደ መሳቢያው ሊያመጣው ይችላል። ሁለተኛው በር በማሽኑ ውስጥ ነው፤ ያላግባብ የተመረጠ ዘይት በጋለ ቫልቭ ላይ ሲያር ጋዙን እዚያው ይፈጥረዋል። በደጋ ላይ ሁለቱም በሮች ይሰፋሉ። ሞተሩ በሳሳ አየር ነዳጁን በሙሉ ማቃጠል ስለሚያቅተው ጭሱ ይከፋል፤ ኮምፕሬሰሩ የበለጠ ስለሚግል ዘይቱ ቶሎ ያርራል። የተነፋሹ ደም ደግሞ በአነስተኛ ኦክስጅን የሚኖር ስለሆነ ከጋዙ ጋር የሚከራከርበት አቅም ያንሰዋል። በአጭሩ፣ ቆላ ላይ በይቅርታ የሚታለፍ ስሕተት ነፋስ መውጫ ላይ አይታለፍም።

የጥገና ባህላችንን የማከብር ሰው ነኝ፤ ይህንን የምለው ባህሉን ለማንኳሰስ አይደለም። ፊያት ኤንትሬ የተባለው የጭነት መኪና በተሠራበት አገር ሙዚየም ከገባ በኋላ በእኛ ተራራ ላይ ለብዙ ዓመታት እህልና ሲሚንቶ ተሸክሟል። የጋራዡ ቋንቋችን ራሱ፣ ፍልትሮው፣ ቴስታታው፣ ቺንጊያው፣ ጣሊያን ጥሎት ከሄደው ብረት ጋር የቀረ ነው፤ ብረቱ የመጣበትን ዓላማ ረስቶ ለእኛ እንዲሠራ ያደረጉት እጆች የእኛ ናቸው። ወደ ኋላም እንሂድ። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚስዮናውያንን መድፍ እንዲያቀልጡ ባዘዟቸው ጊዜ፣ ዋልድማየርና ጓደኞቹ መድፍ ሠርተው አያውቁም ነበር። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። እንደገና ሞከሩ፣ ተሳካ፤ በመጨረሻም 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው «ሴባስቶፖል» የተባለው መድፍ ተወለደ። በ1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከደብረ ታቦር ተነሥተው በጋይንት አድርገው፣ መንገድ እየጠረጉ፣ ገደል እየቆረጡ፣ ያንን ብረት በሰው ጉልበት ስድስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ እያስጎተቱ መቅደላ አደረሱት። ዛሬም እዚያው አለ። በዚህ ምድር ላይ ከባድ ብረት ማቅለጥም ማንቀሳቀስም ተችሏል፤ «እኛ ይህን አንችልም» የሚል ሰው ከጋፋት እስከ መቅደላ ያለውን መንገድ ይመልከት።

ነገር ግን በእነዚህ ምሳሌዎች ሁሉ ስሕተቱ ራሱን ይናገር ነበር። ጋፋት ላይ ምድጃው ሲከሽፍ የቆመ ሁሉ አይቷል። ኤንትሬው ፍሬኑ ሲደክም ሹፌሩ በእግሩ ያውቃል፣ ቴስታታው ሲሰነጠቅ ጭሱ ይናገራል። ጥበባችን ያደገው ከሚናገር ስሕተት ጋር እየተነጋገረ ነው፤ ሞክሮ፣ ከሽፎ፣ አይቶ፣ አርሞ። የትንፋሽ ማሽን ግን ሲሳሳት ዝም ይላል። ድምፁ ያማረ፣ የግፊቱ ሰዓት በትክክል 200 ላይ የቆመ፣ ቧንቧው የማያፈስ ኮምፕሬሰር፣ መርዝ የያዘ ሲሊንደር ሊሞላ ይችላል። ስሕተቱን የሚያውቀው መጀመሪያ የተነፈሰው ሰው ነው፤ እሱም ባወቀ ጊዜ የሚናገርበት አቅም ላይኖረው ይችላል። «ሞክረን እናያለን» የሚለው የጠጋኝ ጥበብ እዚህ ላይ ሰውን የመሞከሪያ ዕቃ ያደርጋል።

ለዚህ ነው ዋስ ያስፈልጋል የምለው። በድሮው ሙግት ከሳሽም ተከሳሽም ዋስ ይጠራ ነበር። ዋስ የሚያስፈልገው የሰው ልብ ስለማይታይ ነው። ዋሱ ሰውየውን ያውቀዋል፣ በስሙ ይጠራል፣ ነገሩ ቢበላሽ ከራሱ ይከፍላል። አየርም እንደ ልብ አይታይምና ዋሱ እንደዚሁ መሆን አለበት። ማወቁ በመለኪያ ነው። የአውሮፓው ደረጃ በሚተነፈስ የታመቀ አየር ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሚሊዮን 5 እጅ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን 500 እጅ፣ ዘይት በአንድ ሜትር ኩብ ከግማሽ ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይላል፤ ሰፊ አገልግሎት ያለው የአሜሪካው ደረጃ ለካርቦን ሞኖክሳይዱ እስከ 10 ይፈቅዳል። ይህንን ለማየት ድሬገርን የመሰሉ ኩባንያዎች የሚሠሩት፣ እርሳስ የሚያህል የመስታወት ቱቦ አለ፤ ጫፎቹ ተሰብረው አየሩ በመጠን ሲያልፍበት በውስጡ ያለው ዱቄት ቀለሙን ይቀይራል፣ ቀለሙ የደረሰበት መስመር ቁጥሩን ይሰጣል። ሥራው የደቂቃዎች ነው። ከዚያ በኋላ የመዘነው ሰው ስሙንና ቀኑን ይጽፋል። ስሙን መጻፉ የወግ ጉዳይ አይደለም፤ ነገ ስለሲሊንደሩ የሚጠየቅ ሰው አለ ማለት ነው።

ይህንን የሚቃወሙ ሁለት ሐሳቦች አሉ፤ ሁለቱም ከባድ ናቸው። የመጀመሪያው «ከምንም ይሻላል» የሚለው ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ የከተማዋ ሆስፒታል ተዘርፏል፣ ተጎድቷል። ባዶ ክፍል ያየ ሰው ስለ አውሮፓ ደረጃ ሲነገረው ቢቆጣ አልፈርድበትም። ሆኖም ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። አንደኛ፣ የታመቀ አየር ኦክስጅን አይደለም። 200 ባር የታመቀው አየር ከሲሊንደሩ ሲወጣ ኦክስጅኑ ያው 21 በመቶ ነው፤ በሳንባ ምች ለሚያቃስት ሕፃን የሚያስፈልገው ናይትሮጅኑን ዚዮላይት በሚባል ማዕድን አስቀርቶ 93 በመቶ ገደማ ኦክስጅን የሚሰጥ ሌላ ማሽን ነው። በዘይት የሚለሰልስን ኮምፕሬሰር ለኦክስጅን ማመቂያ ማዋል ደግሞ ፍንዳታ መጥራት ነው። የትንፋሽ ኮምፕሬሰር ቦታው ከእሳት አደጋ ሠራተኛው፣ ከጠላቂው፣ ጋዝ ወደሞላው ጉድጓድ ገብቶ የወደቀን ሰው ከሚያወጣው ዘንድ ነው። ሁለተኛ፣ ለእነዚህ ሰዎች «ምንም» የሚባለው ነገር ራሱ ባዶ አይደለም። ሲሊንደር የሌለው ሰው እንደሌለው ያውቃል፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ያስባል፣ ገመድ ይፈልጋል፣ ሰው ይጠራል። መጥፎ ሲሊንደር የያዘው ግን ጥንቃቄውን አውልቆ ይገባል። ያልተመዘነ አየር ከምንም በታች የሚሆንበት ምክንያት ይህ ነው፤ ፍርሃትን ይወስድና በምትኩ የሚሰጠው የለም። አንድ ሰው ሌላውን ለማዳን ሲል አደጋውን እያወቀ ቢገባ ጀግና እንለዋለን። ሲሊንደሩን የሞላው ሰው ግን ያንን አደጋ ሳይነግረው በእሱ ስም ሊወስድለት መብት የለውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል፤ «እንዲህ ከሆነ አሮጌውን ለብረት አቅላጭ ሽጡና አዲስ ግዙ» ይላል። ሐሳቡ አስተዋይ ይመስላል፤ ማስረጃው ግን አያግዘውም። ፔሪና ማልኪን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ከ112,000 በላይ የሕክምና መሣሪያዎችን መዝገብ መርምረው፣ በታዳጊ አገሮች 38 በመቶ ያህሉ ከአገልግሎት ውጭ መሆኑን አገኙ። የጠቀሷቸው ምክንያቶች የሥልጠና፣ የአስተዳደርና የመሠረተ ልማት ጉድለት ናቸው። አዲስ ማሽንም ከስድስት ወር በኋላ ፍልትሮው ይሞላል፣ ዘይቱ ይደክማል፤ የሚመዝነው ከሌለ ከአሮጌው የሚለየው በቀለሙ ብቻ ነው። እንዲያውም ለመማሪያ አሮጌው ይሻላል እላለሁ። በዝግታ የሚዞር፣ ብረቱ ወፍራም፣ በኤሌክትሮኒክስ ያልተሸፈነ በመሆኑ እያንዳንዱን ደረጃ ፈትቶ ማሳየት ይቻላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ አገር አማተር ጠላቂዎች ባሕር የገቡት ከአየር ኃይል አውሮፕላን በተረፉ ሲሊንደሮች ነበር። የጦር ትራፊ ለትንፋሽ መዋሉ ነውር አይደለም። ዛሬ ያለው የምርመራ ልማድ ከእንዲህ ዓይነቱ ድፍረት ጎን ለጎን ያደገ ነው፤ ሲሊንደሮችን በየጥቂት ዓመቱ በውኃ ግፊት መፈተን፣ አየሩን በየወቅቱ ማስመዘን የተለመደ ሆኗል። ከአሮጌው ብረት ጋር ይህንን ልማድ አብረን ካልወሰድን ግን የወሰድነው ግማሹን ነው።

መለኪያው በእስቴ መካነ ኢየሱስ ወይም በስማዳ ወገዳ ሱቅ አይሸጥም የሚለው እውነት ነው። ቱቦው ግን በኪስ ይገባል፤ የአየር ናሙናም በትንሽ ሲሊንደር ተሞልቶ ከወረታ ወልድያ በተዘረጋው መንገድ ወደ ከተማ ሊላክ ይችላል። ብዙው ጥንቃቄ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። መብራት ባለበት ቦታ ማሽኑን በኤሌክትሪክ ማዞር ትልቁን የጭስ በር ይዘጋል። በነዳጅ ግድ ከሆነ፣ መሳቢያውን በረጅም ቱቦ ከፍ አድርጎ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ማዋል ነው፤ ነፋስ መውጫን በመሰለ ከተማ ደግሞ ነፋሱ ሲዞር ማሽኑን የሚያቆም ሰው አጠገቡ መቆም አለበት። ለመኪና ሞተር የተገዛ ዘይት አይገባበትም፤ ለትንፋሽ ኮምፕሬሰር ተብሎ የተሠራው ብቻ ነው የሚገባበት። የሠራበት ሰዓት፣ የፈሰሰው ውኃ መልክ፣ ፍልትሮው የተቀየረበት ቀን በአንድ ደብተር ይጻፋል። ደብተሩ የሌለው ማሽን የቱንም ያህል ቢያምር ያለፈ ታሪኩን አናውቅም፤ ያላወቅነውን ደግሞ ለሌላ ሰው ሳንባ አንሰጥም።

ስለ ጠጋኙ ክብር አንድ ነገር ልጨምር፤ ጉዳዩ ከዚህ አይለይምና። ብረት ሠሪ በአገራችን «ቡዳ ነው» እየተባለ፣ በዓይኑ ይበላል እየተባለ ሲሸሽ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከማወጅ ደርሰዋል። ያ ክስ የማይታይ ጉዳት አደረሰብን የሚል ክስ ነበር፤ መለኪያም ማስረጃም አልነበረውም፤ ባለ እጁም ራሱን የሚከላከልበት መንገድ አልነበረውም። እዚህ ግን የማይታየው ጉዳት እውነተኛ ነው፣ መለኪያም አለው። የተለካ አየር የሚሰጥ ጠጋኝ ከሐሜት በላይ ይቆማል፤ ቁጥሩ በእጁ፣ ስሙ በደብተሩ ነው። ስለዚህ አየሩ ይመዘን የሚለው ጥያቄ ጠጋኙን መጠርጠር አይደለም። አያቶቹ ያላገኙትን ምስክር ለእሱ መስጠት ነው።

በደብረ ታቦርም ሆነ በነፋስ መውጫ፣ በየተቋሙ ግቢ ሸራ ለብሶ የቆመ እንዲህ ያለ ማሽን በእጃችሁ ካለ አትሽጡት፤ ፍቱት፣ ጥረጉት፣ አስነሡት። የመጀመሪያውን ሲሊንደር ስትሞሉ ግን አየሩ ተመዝኖ፣ የመዘነው ሰው ስሙን እስኪጽፍበት ድረስ በሲሊንደሩ ወገብ ላይ በቀይ ቀለም «ለመተንፈስ አይሆንም» ብላችሁ ጻፉበት።